ተመልሶ የሚመጣ ጭረት

አጎቴ ይሻው የአባቴን መኪና ጭረት በጠገነው ቁጥር ጭረቱ ተመልሶ ይመጣ ነበር። ይህን ለሰው ሳወራ መጀመሪያ ይሥቁብኛል። ቀለሙ ርካሽ ነበር፣ አጎትሽም ሥራውን አያውቀውም ይሉኛል። ስለ አጎቴ የሚሉት ልክ ነው። ይሻው ቀኑን ሙሉ ማኅተም ሲመታ የሚውል የመሥሪያ ቤት ሰው እንጂ ቀለም ቀቢ አልነበረም። ግን ርካሽ ቀለም ይላጣል፣ ይደበዝዛል እንጂ ከፊተኛው በር እስከ ኋለኛው በር ድረስ እንደ አዲስ አይጫርም። ይህን ስላቸው ሣቃቸውን ይተዉና አንቺ ራስሽ ሳትሆኚ አትቀሪም ይላሉ። እኔ አይደለሁም።

ያኔ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የምንኖረው ደብረ ታቦር፣ ከገበያው ወደ ላይ በሚወጣው ኮረኮንች መንገድ ዳር ነው። አባቴ ካሳሁን እህል ነጋዴ ነበር። አንዲት አሮጌ ነጭ ኮሮላ ነበረችው፤ ከኔ አብልጦ የሚወዳት እየመሰለኝ እቀናባት ነበር። አንድ ቀን ሆዱን አመመውና ለመታከም ባሕር ዳር ሊሄድ ተነሣ። መኪናዋን ግቢ ውስጥ አቆማት፤ አቧራ እንዳይነካት አረንጓዴውን ሸራ በገዛ እጁ አልብሷት በሚኒባስ ሄደ። የተመለሰው በሳጥን ነው። ሳጥኑን አልከፈቱትም። «አባትሽ እዚህ ውስጥ ነው፣ ተሰናበችው» አሉኝ። እኔ ደግሞ ያላየሁትን ነገር የማላምን ልጅ ነበርኩ፤ ይህ ጠባይ እስካሁንም አለቀቀኝም። ሳጥኑን ስሜ ተሰናበትኩት። አባቴን ግን አልተሰናበትኩም።

በኛ አገር ሰው ሲሞት፣ ፈረስ ካለው ፈረሱ ኮርቻውን እንደተጫነ፣ ጠመንጃ ካለው ጠመንጃው ለቅሶው ላይ ይወጣል። ሰው ባዶውን ኮርቻ እያየ ያለቅሳል። አባቴ ፈረስም ጠመንጃም አልነበረውም። ስለዚህ ከጉና የወረዱት ዘመዶቹ ተማከሩና ኮሮላዋን አወጧት።

ያን ቀን ጉም ወርዶ የለቅሶውን ሜዳ ሸፍኖት ነበር። እኔ የእናቴን የእመቤትን ነጠላ ጫፍ ይዤ ቆሜያለሁ። የሚያስለቅሱት ሴቶች ድንገት ዝም አሉ። ከጉሙ ውስጥ ኮሮላዋ ብቅ አለች። የሞተር ድምፅ የላትም። በሰው እርምጃ ቀስ እያለች መጣች። የሹፌሩ ወንበር ላይ የአባቴ ጋቢ ተደርቧል፤ ከላዩ ባርኔጣው ተቀምጧል። ሰው የለም። መሪው ግን ሲዞር በዓይኔ በብረቱ አየሁት። መሪው ወደ እኛ ዞረ፣ መኪናዋም ወደ እኛ ዞረች። ከዚያ ወዲያ የተነሣው እሪታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

አሁን ነገሩን አውቀዋለሁ። ሞተር ማስነሣት ለለቅሶ ነውር መስሏቸው ወንዶቹ ከኋላ ይገፉ ነበር። ይሻው ደግሞ እኔ በማላየው በኩል ጎንበስ ብሎ፣ እጁን በመስኮቱ አስገብቶ መሪውን ይዞ ነበር። ይህን የነገረኝ ሁለተኛ ደረጃ ከገባሁ በኋላ ነው። ያኔ የገባኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አባዬ ሳጥኑ ውስጥ የለም፤ መኪናዋ ውስጥ ነው አልኩ። ይህን ካወቅሁ በኋላ ልቤ ተረጋጋ፣ ለቅሶውንም እንደ ሌላ ሰው ለቅሶ ቆሜ አየሁት።

እናቴም አላለቀሰችም። እሷ ግን ምክንያት ነበራት። ታላቅ ወንድሟ የሞተ ጊዜ ሁለት ጉንጮቿን በጥፍሯ ቧጥጣ፣ ቁስሉ አመርቅዞ ልትሞት ደርሳ ነበር አሉ። ጠባሳው ዛሬም ፊቷ ላይ አለ። ስለዚህ የንስሐ አባታችን መምሬ አዳነ ገና ለቅሶው ሳይጀመር ወደ እሷ መጡ፤ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው «እመቤት፣ ገዝቼሻለሁ። ፊትሽን እንዳትነኪ፣ ደረትሽንም እንዳትደልቂ» አሏት። ነጠላዋን ይዤ ስለነበር ሰምቻለሁ። ግዝት የጣሰ ሰው መሬት ተከፍታ ትውጠዋለች ብላ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ነግራኛለች። እኔም እናቴን መሬት እንዳትውጥብኝ እጇን እጠብቅ ጀመር።

መኪናዋ ፊታችን ስትደርስ እናቴ እጇን ዘረጋች። ወደ ፊቷ አልወሰደችውም፤ የመኪናዋ በር ላይ አሳረፈችው። እንዲያ እንዳለች ሜዳው እስኪያልቅ አብራት ሄደች። ከኋላዬ አንዷ «ደረቅ ናት፣ አልወደደችውም እንዴ?» ስትል ሰማሁ። እኔ ግን ደስ አለኝ። እጇ ፊቷን አልነካም፣ መሬትም አልተከፈተችም።

ጭረቱ የታየው መኪናዋን ግቢ ካስገቧት በኋላ ነው። ረጅም ነው፣ ቀጥ ያለ ግን አይደለም፤ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንድ ቦታ ይጠልቃል። «የግቢው በር ቆርቆሮ ነው የጫራት» አሉ ወንዶቹ።

አርባው ከወጣ በኋላ ዘመድ ሁሉ መኪናዋ ትሸጥ አለ። ታደሰ የሚባል ሰው ከይፋግ መጥቶ ሊያያት ተነጋገሩ። ይሻው የእናቴ ታናሽ ወንድም ስለሆነ ነገሩ እሱ ላይ ወደቀ።

«እቴ፣ ጋራዥ ልውሰዳት። ሰውየው እንዲህ ተጭራ ካያት ያጣጥላታል» አላት።

«ከግቢ አትወጣም።»

«ታዲያ ማን ይቀባታል?»

«አንተ።»

«እኔ እኮ ከማኅተም በቀር ቀለም ነክቼ አላውቅም።»

«ተማራ!» አለችው እናቴ፣ ንግግሩም በዚሁ አለቀ።

እኔ የሰማሁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። ታደሰ የሚሉት ሰው መጥቶ አባዬን ይፋግ ሊወስደው ነው። ይፋግ የት እንደሆነ አላውቅም። ቆላ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አባዬ ደግሞ ሙቀት አይወድም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመኪናዋ እንዴት እንደማወጣው ሳስብ እውል ነበር።

ይሻው አንድ ቀለም ቀቢ ወዳጁን ጠይቆ ብርጭቆ ወረቀት፣ ስቱኮ፣ ቲነርና የሚነፋ ነጭ ቀለም ይዞ መጣ። እጅጌውን ሰበሰበና ጭረቱን በውሃ እያራሰ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትገው ገባ። ከበሩ ላይ ነጭ ውሃ ኩልል እያለ ሲወርድ ሳይ ያመማት መሰለኝ። ስቱኮውን በቢላ ለቀለቀ፤ እስኪደርቅ ጠብቆ እንደገና ፈተገው። ዙሪያውን በጋዜጣ ሸፈነና ቀለሙን ነፋበት። ግቢው ቲነር በቲነር ሆነ። እትዬ ዘነበች ከአጥር ማዶ «ኧረ ይሻው፣ ገደልከን!» እያለች ታስላለች። ነጭ ብሎ የገዛው ነጭ የኮሮላዋን ነጭ አልመስል ብሎ በሩ ሻሽ ያሰረ ሰው መሰለ። ይሻው ግን በሥራው ኮራ፤ ራቅ ብሎ አየው፣ ቀረብ ብሎ አየው፣ ከዚያ ሸራውን አልብሷት ሄደ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሸራውን ገልጦ ቆሞ አገኘሁት። ጭረቱ ተመልሷል። አዲሱን ነጭ ቀዶ፣ ከሥሩ ያለውን ግራጫ ስቱኮ አሳይቶ፣ ድሮ በነበረበት መስመር እየተንቀጠቀጠ ሄዷል። ይሻው ጣቱን አስኬደበትና «ድመት ናት» አለ። ድመት እንደዚያ ረጅም ክንድ እንደሌላት እሱም ያውቃል። ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ነከረ።

እንደገና ቀባው፤ እንደገና ተጫረ። ሸራው እንደለበሰ ነው፣ ገመዱ እንደታሰረ ነው፣ ከሥሩ ግን ጭረቱ አለ። ዘወትር የሚመጣው እኔ ትምህርት ቤት፣ ይሻውም ሥራ ላይ ሳለን በቀትር ነው። ክረምቱ እየገባ ስለነበር ጉሙ ከጉና ይወርድና ቀትሩን ያጨልመዋል። እናቴ በዚያ ሰሞን እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ነበር የምትውለው። በርዷት ነው እል ነበር፤ ደብረ ታቦር ላይ ብርድ የምር እንጂ ሰበብ ሆኖ አያውቅም።

አንድ ቀን ይሻው አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«ትዝታ፣ አልቆጣሽም። እውነቱን ንገሪኝ፣ አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«አባዬ ነዋ! ሊወጣ ፈልጎ ነው። በስቱኮ ሲደፈንበት እንደገና ይጭራል።»

ይሥቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሣቀም። የስቱኮው ቆርቆሮ ላይ ቁጭ አለና ሸራውን እያየ ቀረ። እትዬ ዘነበች ከአጥር ማዶ ሰምታን ኖሮ በጣውላው መካከል ዓይኗ ታየ።

«በስመ አብ! ልጅቱ አውቃለች» አለች። «እኔ ከዚያች መኪና ዘንድ የሚጫጭር ነገር በቀትር እሰማ የለም እንዴ! ቅዠት ሁኖብኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ እንጂ። የቀትር ጋኔን ነው፣ ይሻው ሙት! መምሬ ይጠሩ።»

መምሬ አዳነ ጠበል በጆግ ይዘው መጡ። መኪና ጠበል ሲጠመቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። «አዲስ መኪና ባርኬ አውቃለሁ፣ የታመመች መኪና ግን ይኸ የመጀመሪያዬ ነው» ብለው ፈገግ አሉ። ከዚያ ጸሎታቸውን እያነበነቡ ጎማውን፣ መስታወቱን፣ ጣሪያውን ረጩት። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ዝም አሉ። ጭረቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ቀና አሉና ጆጉን ወደ እናቴ ዘረጉት።

«ያዢልኝ እስኪ፣ እመቤት።»

እናቴ እጇን ከነጠላዋ አወጣች። መምሬ እጇን አዩት፤ ረጅም ጊዜ አዩት። እኔም የሚያዩትን አየሁ። የጋብቻ ቀለበቷ ቅርጽ ውስጥ ነጭ ነገር ገብቶበታል። ሊጥ መሰለኝ።

«ግዝቱን ፈትቼልሻለሁ» አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ። አልቅሺ ልጄ።»

«እሺ አባ» አለች እናቴ። አላለቀሰችም።

ይሻው እስከ በር ሸኛቸው። እኔም እግር እግራቸውን ሄድኩ። «መቀባቱን እንዳትተው» አሉት። «እስከ መቼ አባ?» አላቸው። «እስኪወጣላት ድረስ» ብለው ወጡ። እኔ ስለ መኪናዋ የሚያወሩ መሰለኝ። ጠበል ተረጭታም ካልዳነች በሽታዋ የጠና ነው ብዬ ፈራሁ። ይሻውም የታዘዘውን ሳያጓድል ይቀባ ጀመር፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሥራውን ራቅ ብሎም ቀረብ ብሎም አያይም ነበር።

ታደሰ ቅዳሜ ይመጣል ተባለ። አርብ ዕለት መምህራችን ቀረችና በቀትር ተለቀቅን። ሮጬ ቤት ስገባ ግቢው ጭር ብሏል። ጉሙ እስከ መሬት ወርዶ መኪናዋ ሸራዋን እንደለበሰች አረንጓዴ ጉብታ መስላለች። ይሻው የቀለሙ ሽታ እንዲወጣ ብሎ የኋላውን በር አይቆልፈውም ነበር። ሸራውን ገልጬ ገባሁና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።

ውስጡ አረንጓዴ ጨለማ ነው። በሸራው አልፎ የሚገባው ብርሃን እጄን ሳይቀር አረንጓዴ አደረገው። ቲነር ይሸታል፣ ከቲነሩ ሥር ግን አባዬ ይሸታል። ጋቢው የሹፌሩ ወንበር ላይ እንደተደረበ ነው፤ ለለቅሶው እንዳቆሙት፣ አንድ ሰው የተቀመጠበት ያህል አብጧል።

«አባዬ» አልኩት። «ነገ ይፋግ ሊወስዱህ ነው። ና እንውጣ።»

በወንበሮቹ መካከል ተሽሎክሉኬ ወደ ፊት አለፍኩ። የጋቢውን ጫፍ ያዝኩና ሳብኩት። ወንበር ነው። ከወንበሩ ሥር አየሁ፤ አንድ ብዕርና የጎመን ዘር የመሰለ ነገር አለ። ወደ ኋላ ተመልሼ እዚያም ፈለግሁ። ሁሉንም ነካካሁ። የትም የለም።

ያኔ ጭረቱ ጀመረ።

ከፊት በር ነው የጀመረው። ቀስ ያለ፣ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ነው፤ ቆርቆሮው ሁሉ ይነዝራል። ቆም ይልና ይቀጥላል። ወደ እኔ እየመጣ ነው። እግሬን ሰብስቤ ጋቢው ውስጥ ገባሁ። ድምፁ አጠገቤ ሲደርስ ነው ነገሩ የገባኝ፤ የሚጭረው ነገር ያለው ውጭ ነው። አባዬ ውጭ ነው ማለት ነው። የተዘጋበት ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ። እንግዲህ የሞትኩት እኔ ነኝ አልኩ።

ስታስቡት ትሥቁ ይሆናል፤ እኔ ግን ሁሉም ነገር ልክ መጣልኝ። ከለቅሶው ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ በራሴ ላይ እያለፈ ነበር የሚያወራው። ሲያዩኝ ከንፈራቸውን ይመጣሉ፣ «የኔ ምስኪን» ይላሉ፣ ስጠይቃቸው ግን አይመልሱልኝም። ለሞተ ሰው የሚደረገው እንዲህ ነው። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ፈርቼ አላውቅም። ተነቃነቅሁ፤ ወንበሩ ጢጥ አለ። ጭረቱ ቆመ።

አንድ ሰው ወደ መስታወቱ ሲጠጋ፣ ሲተነፍስም ሰማሁ።

«ካሳሁን?» አለ ድምፁ።

የእናቴ ድምፅ ነው። የፈራች ሰው ሳይሆን የምትለምን ሰው ድምፅ ነበር። አባዬን እየፈለገችው እንደሆነ ገባኝ፤ እኔም ፈልጌው መምጣቴ ነበርና የማውቀውን ነገርኳት።

«እዚህ የለም» አልኩ። «ሁሉንም ቦታ አየሁ። የለም።»

ያኔ ከእናቴ የወጣውን ጩኸት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም። እትዬ ዘነበች አጥሩን ገፍታ ገባች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሌላ ሰው የሞተ መስሎት ነጠላውን እያዘቀዘቀ መጣ። ሸራውን ሲገፉት ብርሃኑ ዓይኔን አሳወረኝ። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትደልቃለች፣ «ካሳሁን ሞተ! ካሳሁኔ ሞተ!» ትላለች፣ መርዶ እንደ አዲስ እንደተረዳ ሰው። ቀለበቷ ነጭ በነጭ ሆኗል። አንድም ሰው አልያዛትም። ይሻው ከሥራ ተጠርቶ መጣና አጠገቧ ተቀምጦ አብሯት አለቀሰ። እኔም ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ገና ያን ጊዜ።

ይሻው ካደግሁ በኋላ እንደነገረኝ፣ መምሬ የእናቴን እጅ ሲያዩ እሱም ነቅቶ ነበር። «ፊቷ ተገዝቶባት ነበር፣ እጇ ማረፊያ አጣ» አለኝ። ከመምሬ ቃል በኋላ ይቀባ የነበረው ለታደሰ ብሎ አይደለም፤ እህቱ ጉንጯን ትታ የምትቧጥጠው ነገር እንዳታጣ ነው። የቲነሩ ሽታ ለወራት ከልብሱ አልወጣም አለና ሣቀ። ታደሰ በማግስቱ መጥቶ መኪናዋን ወሰዳት። ስለ ጭረቱ ምንም አልጠየቀም፤ የእናቴን ዓይን አይቶ መሆን አለበት።

እኔ ግን ለብዙ ዓመት አንድ ነገር ይቆጨኝ ነበር። እናቴ የአባቴ ድምፅ መስሏት፣ ሙት ያነጋገራት መስሏት እንዴት ደንግጣ ይሆን እያልኩ አዝንላት ነበር። ባለፈው ሰኔ በረንዳ ላይ ምስር ስንለቅም ደፍሬ ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ያን ቀን መኪናዋ ውስጥ ድምፄን ስትሰሚ ምን መሰለሽ?»

«ምን ይመስለኛል? አንቺ ነሻ።»

«እኔ መሆኔን አወቅሽ?»

«ስትገቢ አይቼሻለሁ እኮ። ማድ ቤቱ በር ላይ ቁሜ ነበር። ሸራውን ገልጠሽ ገባሽ።»

እጄ ምስሩ ላይ ቀረ። «ታዲያ ለምን ካሳሁን ብለሽ ጠራሽ?»

ድንጋይ ከምስሩ ለይታ ወደ ግቢው ወረወረች። 

«ስንት ቀን ከውጭ ሁኜ ስጭር፣ ውስጡን ማየት ፈርቼ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አንቺ ገባሽልኝ። ብታገኚው ትነግሪኝ ነበራ።»